286ቱን ኮምፒዩተር አማርኛ ማጻፍ፦ ለኮምቦልቻው መምህር ጥያቄ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ፦ ኮምቦልቻ የሚያስተምሩ አንድ መምህር ከዕቃ ግምጃ ቤት የወጣ 286 ኮምፒዩተር (ቁጥሩ የፕሮሰሰሩ ዓይነት ነው) እጃቸው ገብቷል። ፍጥነቱ 12 ሜጋኸርትዝ፣ ሜሞሪው 1 ሜጋባይት፣ የስክሪን ካርዱ ቪጂኤ፣ ፍሎፒው ባለ 3.5 ኢንች 1.44 ሜጋባይት ነው፤ 40 ሜጋባይቱ ሃርድ ዲስክ ግን አይዞርም። ሊኑክስ ሊጭኑበት ሞክረው አልተነሳም። ተማሪዎች የውስጥ ኮዱን ከፍተው የሚያዩት ሥርዓት እንዲሠራበት፣ ከተቻለም ስክሪኑ አማርኛ እንዲያሳይ ይፈልጋሉና «ከየት ልጀምር?» ይላሉ።

መምህር፣ ሊኑክሱን ይተዉት፤ ጥፋቱ የእርስዎም የዲስኬቱም አይደለም። ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሲጀመር ጀምሮ የተሠራው ከ286 ቀጥሎ ለመጣው 386 ነው። 386 ሜሞሪን ገጽ በገጽ ከፋፍሎ የሚያስተዳድር አካል አለው፣ 286 የለውም። እንዲያውም ከርነሉ (የሥርዓቱ እምብርት) እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው 3.8 እትሙ 386ንም ጥሎ ሄዷል። ኔትቢኤስዲ የሚባለው ሌላ ነጻ ሥርዓት ለአሮጌ ማሽን ደግ ነው ቢባልም ከ486 በታች አይወርድም። ለ286 የሚሆነው ኤልክስ ነው። ሊኑክስን ለ8086 ቤተሰብ (286ም ከዚሁ ነው) አሳንሶ ለመሥራት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረ ሲሆን ኮዱ ጊትሃብ ድረ ገጽ ላይ ተቀምጧል፣ ሥራውም አልቆመም። በ640 ኪሎባይት ውስጥ ከርነል፣ ሼል፣ ኤዲተርና የኔትወርክ ፕሮግራሞችን ያስኬዳል። ከ286 ባነሰው 8088 ላይ የሚነሳ ሥርዓት ስለሆነ የእርስዎ 286 ለእሱ ሰፊ ቤት ነው። ስለዚህ ከርነል የማዛወሩ ሥራ ተሠርቶ ያለቀ ነው። የሚቀርዎት የስክሪኑ ፊደል ነው፤ ጉልበትዎን እዚያ ላይ ያውሉት።

መጀመሪያ ግን ሶኬት ውስጥ አይሰኩት። ካቻቪቴ ይዘው ይክፈቱት። የኃይል ሳጥኑ ጀርባ ላይ ትንሽ መቀየሪያ ካለች 115 ወይስ 230 እንደምትል ይዩ። ከአሜሪካ የመጣ ማሽን ብዙውን ጊዜ 115 ላይ ነው፤ በእኛ 220 ቮልት ሲሰካ ፊውዙና ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ይሄዳሉ። ከሳጥኑ ወደ ማዘርቦርዱ የሚገቡትን ሁለት ረጃጅም ማያያዣዎች ከነቀሉ ሲመልሱ ጥቁሮቹ ገመዶች መሃል ላይ ጎን ለጎን ይዋሉ። ተለዋውጠው ከተሰኩ ቦርዱ አይተርፍም።

ቀጥሎ ከኪቦርዱ መሰኪያ አጠገብ በርሜል የምትመስል ባትሪ ይፈልጉ፤ 3.6 ቮልት ኒኬል ካድሚየም ናት። አረንጓዴ ወይም ነጭ ዱቄት ካወጣች ፈስሳለች። እግሮቿን በፒንሳ ቆርጠው ያውጧት። የሚፈሰው ነገር አልካላይን ስለሆነ አቼቶ በጥርስ ብሩሽ ቀብተው አረፋው እስኪያቆም ይጠብቁ፣ በንጹሕ ውሃ ያጥቡት፣ አልኮል ያስነኩት፣ እስኪደርቅ አንድ ቀን ይተዉት። ከዚያ በቴስተር በባትሪዋ ዙሪያ ያሉትን የመዳብ መስመሮች አንድ በአንድ ይለኩ። ባትሪዋ ያለችው ኪቦርዱን የሚያስተዳድረው ቺፕ አካባቢ ስለሆነ ማሽኑ ሲነሳ ስለ ኪቦርድ ስሕተት ካማረረ ኪቦርዱ ደህና ሆኖ የተበላው መስመር ሊሆን ይችላል። የተበጠሰውን በቀጭን ሽቦ መቀጠል ደሴ ፒያሳ ለሚሠራ ማንኛውም ጥሩ ሬዲዮ ጠጋኝ ቀላል ሥራ ነው።

በባትሪዋ ምትክ የሰዓት ባትሪ ቀጥታ አይበይዱበት። ቦርዱ አሮጌዋን ባትሪ ቻርጅ እንዲያደርግ ስለተሠራ ቻርጅ የማይደረገውን የሊትየም ባትሪም ሊሞላ ይሞክራል፤ ያብጣል፣ ይፈነዳል። ሦስት መካከለኛ ባትሪ ድንጋይ በመያዣ አድርገው (4.5 ቮልት) በፕላሱ መስመር ላይ አንድ ዋን ኤን 4148 ዳዮድ ያስገቡ፤ የዳዮዱ ቀለበት ያለበት ጫፍ ወደ ቦርዱ ይዙር። ዳዮዱ ወደ 0.6 ቮልት ይበላና ወደ 3.9 ይሰጥዎታል፣ ወደ ኋላ የሚመጣውንም ይዘጋል። ቦርዱ ለውጭ ባትሪ የተዘጋጀ ባለ 4 እግር መሰኪያ ካለው መበየድም አያስፈልግም፤ የትኛው እግር ከመሬት ጋር እንደሚገናኝ ግን በቴስተር ሳይለኩ አይሰኩ።

አንድ ነገር ደግሞ ከአካባቢው አየር የሚመጣ ነው። ማሽኑን ወይም ሞኒተሩን ደሴ አስጠግነው ወደ ኮምቦልቻ ካወረዱት ሲደርሱ ወዲያው አያብሩት። በቶሳ ተራራ ብርድ የቀዘቀዘ ብረት ሞቃት አየር ሲያገኝ ላብ ያወጣል፤ ሦስት አራት ሰዓት ክዳኑን ከፍተው ያቆዩት።

አሁን ኤልክስን ያምጡ። የተዘጋጁ የዲስኬት ምስሎች ከገጹ ላይ ይወርዳሉ፤ የእርስዎ ባለ 1440 ሚኒክስ (የፋይል ሥርዓቱ ዓይነት) የሚለው ነው። ፋይሉ ልክ 1,474,560 ባይት መሆኑን ያረጋግጡ። ፋይሉን ዲስኬቱ ላይ ኮፒ ማድረግ ዋጋ የለውም፤ በዘመኑ ኮምፒዩተር ላይ ባለ ዩኤስቢ ፍሎፒ ሰክተው በሊኑክሱ ዲዲ ትእዛዝ ሴክተር በሴክተር ይጻፉት። ሁለት ቀዳዳ ያለው ዲስኬት ይጠቀሙ፤ ባለ አንድ ቀዳዳው 720 ኪሎባይት ብቻ ነው። ጽፈው ሲጨርሱ መልሰው አንብበው ከምስሉ ጋር ያወዳድሩ፤ የሠላሳ ዓመት ዲስኬት የተጻፈ መስሎ ያታልላል። ዲስኬቱ ዩኤስቢው ላይ ተነቦ 286ቱ ላይ እምቢ ካለ የአሮጌው ድራይቭ ራስ ቆሽሿል ወይም አቅጣጫው ተዛብቷል፤ አልኮል በነካ ጥጥ ይጀምሩ።

ለማይዞረው ሃርድ ዲስክ ጊዜ አያባክኑ። ኮምፓክት ፍላሽ ካርድና ወደ 40 እግር አይዲኢ የሚቀይር አስማሚ ይግዙ። በባዮሱ (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ በሚሠራው የቦርዱ ፕሮግራም) ውስጥ የዲስክ ዓይነት 47 ካለ (ተጠቃሚው ራሱ ቁጥር የሚያስገባበት ነው) 130 ሲሊንደር፣ 16 ሄድ፣ 63 ሴክተር ያስገቡ። ይህ 65,520 ኪሎባይት ይሆናል። ካርዱ 4 ጊጋባይት ቢሆንም ግድ የለም፤ የሚኒክስ ፋይል ሥርዓት የመጀመሪያ እትም ከ65,535 ባለ አንድ ኪሎባይት ብሎክ በላይ መቁጠር ስለማይችል ከዚህ የበለጠ ቢሰጡት አይጠቀምበትም። ሄድና ሴክተሩን ግን አይለውጡ፤ ካርዱ የተዘጋጀበትና ባዮሱ የሚያምነው ቁጥር ከተለያዩ ቡት ሴክተሩ ተነቦ ከርነሉ ሲፈለግ ማሽኑ ዝም ይላል። ዓይነት 47 የሌለው ባዮስ ከሆነ ኤክስቲ አይዲኢ ዩኒቨርሳል ባዮስ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ 8 ኪሎባይት ኢፒሮም (ቋሚ ማስታወሻ ቺፕ) ላይ ተጽፎ በኔትወርክ ካርዱ ባዶ የሮም መሰኪያ ላይ ይቀመጣል።

እስከዚህ ያለው አንድ ቅዳሜ የሚጨርሰው ነው። ወደ ፊደሉ እንግባ።

ቪጂኤ በጽሑፍ ሞድ ላይ ሲሆን እያንዳንዱ የስክሪን ቦታ ሁለት ባይት ነው፦ አንዱ የፊደሉ ቁጥር፣ አንዱ ቀለሙ። በአንድ ባይት 256 ፊደል ብቻ ይቆጠራል። አማርኛ 33ቱን በ7 ብናባዛ ብቻ 231 ነው፤ ዲቃሎቹ፣ ቨ፣ ነጥቦቹና ቁጥሮቹ ሲጨመሩ ከ256 ያልፋል፣ እንግሊዝኛውም ቦታ ይፈልጋል። ቪጂኤ ግን አንድ ያልተነገረለት ችሎታ አለው፤ ከቀለሙ ባይት አንድ ቢት (የብሩህነቱን፣ ዋጋው 8 የሆነውን) ወስዶ ሁለተኛ የፊደል ሰሌዳ መምረጫ ያደርገዋል። ያኔ 512 ፊደል ይኖርዎታል። ዋጋው ደማቅ ቀለማት መቅረታቸው ነው፤ ለአማርኛ ሲባል የሚከፈል ነው።

አሁን ቁጥሩን ይዩት። ከ512ቱ የመጀመሪያዎቹ 128 ለእንግሊዝኛ ይቆዩ። የሚቀረው 384 ነው። የዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ቁጥር የሚሰጠው ሥርዓት) ዋናው የኢትዮጵያ ክፍል ከሀ (በሄክስ፣ ማለትም በ16 መሠረት አቆጣጠር፣ 1200) ጀምሮ የያዘው ቦታም ልክ 384 ነው! ማንም አስቦበት ያደረገው አይመስልም፤ ለእኛ ግን ሠንጠረዥ የሚባል ነገር አስቀረልን። የፊደሉ የሰሌዳ ቁጥር ማለት ከሀ ያለው ርቀት ሲደመር 128 ነው። ከሀ እስከ ቸ ቤት ያሉት በመጀመሪያው ሰሌዳ ላይኛ ግማሽ ይቀመጣሉ፤ ከኀ ጀምሮ እስከ ቁጥሮቹ ያለው ሁለተኛውን ሰሌዳ ይሞላል። በመሃል ፊደል ያልተመደበላቸው 26 ባዶ ቦታዎች አሉ፤ ለሰንጠረዥ መስመር ወይም ለፈለጉት ምልክት ይሆናሉ።

በዩቲኤፍ 8 (የዩኒኮድ ቁጥር በፋይል ውስጥ በባይት የሚጻፍበት መንገድ) ደግሞ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ነው። የመጀመሪያው ሁልጊዜ 225፣ ሁለተኛው ከ136 እስከ 141፣ ሦስተኛው ከ128 እስከ 191 ነው። የሰሌዳ ቁጥሩ ስሌት ይህ ብቻ ነው፦ 128 ሲደመር (ሁለተኛው ሲቀነስ 136) ሲባዛ በ64 ሲደመር (ሦስተኛው ሲቀነስ 128)። «ደሴ» ብለው ይሞክሩት። ደ 225፣ 139፣ 176 ናት፤ 128 + 192 + 48 = 368፣ ስለዚህ ሁለተኛው ሰሌዳ ላይ 112ኛ ናት። ሴ 225፣ 136፣ 180 ናት፤ 128 + 0 + 52 = 180፣ የመጀመሪያው ሰሌዳ ላይ። (የሴ የዩኒኮድ ቁጥር 1234 ነው፤ ተማሪዎችዎ አይረሱትም።) የቀለሙን ቢት ማብራት ከረሱ 112 በእንግሊዝኛ ትንሿ ፒ ስለሆነች «ደሴ» ሳይሆን ፒ እና ሴ ይወጣል። እንዲህ ካዩ የት እንደሳቱ ወዲያው ያውቃሉ።

ፊደሎቹን መሳል ትዕግሥት ይጠይቃል። እያንዳንዱ 8 ነጥብ ወርድ፣ 16 ረድፍ፣ ማለትም 16 ባይት ነው፤ 384ቱ በድምሩ 6,144 ባይት። ለምሳሌ ተ እንዲህ ትጻፋለች፦ 0፣ 0፣ 0፣ 24፣ 24፣ 126፣ 24፣ 24፣ 24፣ 24፣ 24፣ 24፣ 0፣ 0፣ 0፣ 0። 24ቱ ግንዱ፣ 126ቱ አግዳሚው ነው። ቱን ለማግኘት ከአግዳሚው በታች ካሉት 24ቶች የመሃሉን አንዱን 30 ያድርጉት፤ ቲን ለማግኘት የመጨረሻውን። ችግሩ ሦስት እግር ያላቸው ጠ እና ጨ ናቸው። ሦስት እግርና ሁለት ክፍተት 5 ነጥብ ይወስዳል፤ ለጬ ቀለበት የሚተርፈው ሁለት ወይም ሦስት ነጥብ ነው። ለእነዚህ እግሮቹን ባለ አንድ ነጥብ ያድርጓቸው፤ ሁለት ነጥብ ያለው ወፍራም እግር ጥቁር ድብልብል ያደርጋቸዋል። ሁሉንም ከባዶ መሳል ካልፈለጉ በዴቢያን የኮንሶል ማዘጋጃ ጥቅል ውስጥ ጎሃ እና ጎሃ ክላሲክ የሚባሉ የግዕዝ የኮንሶል ፎንቶች አሉ፤ ባለ 16 ረድፉን ወስደው በዩኒኮድ ቅደም ተከተል ወደ 6,144 ባይቱ ፋይል መገልበጥ ይቻላል። ክፍት ስለሆነ ፈቃዱን አንብበው ከነባለቤቱ ስም ያቆዩት።

ፎንቱን ከርነሉ ውስጥ አይክተቱት። የኤልክስ ከርነል ዳታ በሙሉ በአንድ 64 ኪሎባይት ክፍል ውስጥ ይኖራል፤ 6 ኪሎባይት ከዚያ መውሰድ ከሌላው አፍ መንጠቅ ነው። ይልቅ ፋይሉን አንብቦ ለካርዱ የሚሰጥ ትንሽ የሲ ፕሮግራም ይጻፉ። 286 ላይ ኤልክስ በሪል ሞድ (ፕሮግራሞች ያለ ከለላ በሚሠሩበት ሁኔታ) ስለሚሠራ ተራ ፕሮግራም ባዮስን ቀጥታ መጥራት ይችላል። የሚጠሩት በሄክስ ኢንተራፕት 10 (የባዮሱ የስክሪን አገልግሎት) ነው፣ በዚህ ቅደም ተከተል (ኤኤክስ፣ ቢኤልና የመሳሰሉት የፕሮሰሰሩ ቁጥር መያዣዎች ናቸው)፦

በመጀመሪያ ኤኤክስ 1100 (ሄክስ)፣ ቢኤች 16፣ ቢኤል 0፣ ሲኤክስ 128፣ ዲኤክስ 128፤ ኢኤስና ቢፒ የፋይሉን መጀመሪያ ይጠቁሙ። ይህ 2,048 ባይት ይወስዳል። ቀጥሎ ያንኑ 1100፣ ቢኤል 1፣ ሲኤክስ 256፣ ዲኤክስ 0፤ ጠቋሚው 2,048 ባይት ወደፊት ይሂድ። ሦስተኛ ኤኤክስ 1103 ከቢኤል 4 ጋር፤ ሁለተኛው ሰሌዳ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በመጨረሻ ኤኤክስ 1000 ሁለት ጊዜ፦ አንዴ ከቢኤክስ 0712 ጋር፣ አንዴ ከቢኤክስ 0810 ጋር (ሁሉም ሄክስ)።

0712ቱ ያ የተወሰደው ቢት ፊደሎቹን እንዳያደምቅ ያደርጋል፤ ከተረሳ ከኀ ጀምሮ ያሉት ፊደላት ብቻ ደምቀው ይወጣሉ፣ ጽሑፉ ዝንጉርጉር ይሆናል። 0810ሩ የበለጠ ተንኮለኛ ነገር ይፈታል። ቪጂኤ 8 ነጥብ የሆነውን ፊደል የሚያሳየው በ9 ነጥብ ቦታ ነው። ዘጠነኛው ባዶ ይሆናል፣ ከ192 እስከ 223 ባሉት ቁጥሮች ላይ ግን ስምንተኛውን ነጥብ ይደግመዋል፤ ድሮ የሰንጠረዥ መስመሮች ሳይቆራረጡ እንዲገጣጠሙ የተደረገ ነው። በእኛ አደራደር እነዚያ ቁጥሮች ላይ የወደቁት የቀ ቤትና በሁለተኛው ሰሌዳ ፀ፣ ፈ እና ፐ ናቸው። ስለዚህ ሁሉም ፊደል አምሮ ቆሞ ቁ፣ ቃ፣ ፋ እና ፓ ብቻ ቀኝ እጃቸው ረዝሞ ጎረቤታቸውን ከነኩ ፎንቱን ደግመው አይሳሉ፤ ያቺ ጥሪ ጎድላለች።

ፕሮግራሙን ሲጽፉ ሁለት ወጥመድ አለ። የሲ ኮምፓይለሩ ቢፒን ለራሱ ሥራ ስለሚጠቀምበት ከጥሪው በፊት አስቀምጠው በኋላ ካልመለሱት ፕሮግራሙ ፎንቱን በትክክል ጭኖ ሲወጣ ይወድቃል። ሁለተኛ፣ ፎንቱ የሚቀመጠው በካርዱ ሜሞሪ ሦስተኛ ንብርብር ላይ ነው፤ የግራፊክስ ፕሮግራም ከፍተው ሲመለሱ ያ ቦታ ተጽፎበታል፣ ባዮሱም ሞድ ሲቀይር የራሱን ፊደል መልሶ ይጭናል። ያኔ ጫኚውን እንደገና መጥራት ነው። በመነሻ ስክሪፕቱ ውስጥ ከመግቢያው ጥያቄ በፊት ያስቀምጡት።

አሁን የኤልክስን ኮንሶል ማስተካከል ይቀራል። ምንጩን በሊኑክስ ኮምፒዩተር ላይ አውርደው ቢልድ የሚለውን ስክሪፕት ያስነሡ፤ ለ286 ኮድ የሚያወጣውን ጂሲሲ መጀመሪያ ራሱ ይገነባል። ረጅም ሥራ ነው፣ ብዙ ያወርዳል፤ ማታ አስጀምሮ መተኛት ነው፣ መብራት ከፈቀደ። በምርጫ ዝርዝሩ ኮንሶሉን ዳይሬክት ያድርጉት፤ በባዮስ በኩል የሚጽፈው ዓይነት ቀለሙን በራሳችን እንድንመርጥ አይመችም። የሚነኩት ፋይል ወደ ስክሪን ሜሞሪው (ክፍል ቢ800) የሚጽፈው የዳይሬክት ኮንሶሉ ነው።

ጭማሪው ሠላሳ መስመር አይሞላም። 225 ሲመጣ አይጻፍ፣ ይያዝ። ቀጣዩ ከ136 እስከ 141 ከሆነ እሱም ይያዝ። ሦስተኛው ከ128 እስከ 191 ከሆነ ይሰላና አንድ ፊደል ይጻፍ። በመሃል ሌላ ባይት ከገባ የተያዘው ይጣልና አዲሱ እንደ ወትሮው ይሂድ፤ አለበለዚያ የተቆረጠ ፋይል ሲከፍቱ ስክሪኑ ይታሰራል። የሰሌዳ ቁጥሩ ከ255 ካለፈ በቀለሙ ላይ 8 ይጨመር፣ ካልሆነ 8 ይነሣለት። ይህንን በቀለሙ ቅጂ ላይ እንጂ በኮንሶሉ ዋና ቀለም ላይ አያድርጉት። ዋናው ላይ ካደረጉት አንድ ነ ከተጻፈ በኋላ የሚመጣው እንግሊዝኛ ሁሉ ወደ ግዕዝ ይዞራል።

ደማቅ ጽሑፍ የሚጠይቀውን የማምለጫ ትእዛዝም ያንኑ ቢት እንዳያበራ ያግዱት። ካላገዱት ደማቅ የሚጽፍ ፕሮግራም ሲመጣ «ሩት» የሚለው የእንግሊዝኛ የተጠቃሚ ስም «ዲዯዯዴ» ሆኖ ይወጣል። ክፍል ውስጥ ያስቃል፤ ምክንያቱን ተማሪው ራሱ እንዲያሰላ ቢሰጡት ግን ከግማሽ ሰዓት ማብራሪያ ይሻላል።

ውጤቱን መጀመሪያ ሌላ ኮምፒዩተር በሚያስመስለው ፕሮግራም በኪሙ ይሞክሩት፣ ግን አይመኑት። ኪሙ ከ486 በታች የሆነ ማሽን አያስመስልም። በጨመሩት የአሰምብሊ መስመር ውስጥ አንዲት የ386 ትእዛዝ ሾልካ ብትገባ ኪሙ ያሳልፋታል፣ 286ቱ ላይ ማሽኑ ይቆማል። ስክሪኑ ላይ ያለው ስሕተት ከየት እንደመጣ ካልገባዎት ደግሞ በሴሪያል ገመድ ኮም 1ን ከዘመኑ ኮምፒዩተር ጋር አገናኝተው በ9600 ፍጥነት ይግቡ። እዚያ አማርኛው ደህና ሆኖ 286ቱ ስክሪን ላይ ከተበላሸ ጥፋቱ በጨመሩት ኮድ ወይም በፎንቱ ነው፤ በሁለቱም ከተበላሸ ፋይሉ ራሱ ዩቲኤፍ 8 አይደለም።

ሞኒተርም ያስታል። ጠፍጣፋ ሞኒተር 720 በ400 የሆነውን የጽሑፍ ሞድ 640 በ400 ነው ብሎ ሊገምት ይችላል፤ የሁለቱ የማመሳሰያ ፍጥነት አንድ ነው። ያኔ አንዳንድ የነጥብ ዓምዶች ይዋጣሉ፣ እንግሊዝኛው ሲነበብ ጠ እና ጨ ግን ይጨማደዳሉ። አሮጌ ባለ ቱቦ ሞኒተር ካለ እሱ ይሻላል።

ኪቦርዱ ከተፈራው ይቀላል። በዩኒኮድ እያንዳንዱ ቤት የሚጀምረው ለ8 በሚካፈል ቁጥር ላይ ስለሆነ ግዕዝ 0፣ ካዕብ 1፣ ሣልስ 2፣ ራብዕ 3፣ ኃምስ 4፣ ሳድስ 5፣ ሳብዕ 6 ነው። የኤል ቁልፍ ሲመታ ል ይጻፍ፦ 225፣ 136፣ 141። ተከትሎ የኦ ቁልፍ ከመጣ የመጨረሻዋን ባይት ብቻ 142 ማድረግ ነው፤ ሎ ሆነች። የሚያስፈልገው የየቤቱን መነሻ የያዘ አንድ አጭር ሠንጠረዥና ፊደል የመጣው ከየትኛው ቁልፍ እንደሆነ የሚያስታውስ አንድ ተለዋዋጭ ነው።

መሰረዣው ቁልፍ ግን የግድ ይስተካከል። ኤልክስ አንድ መሰረዝ አንድ ባይት ነው ብሎ ያስባል። ስክሪኑ ላይ ፊደሏ ጠፍታ በመስመሩ ማከማቻ ውስጥ ሁለት ባይቷ ይቀራል፤ ተማሪው ትክክል መስሎት ኢንተር ሲመታ ትእዛዙ አይታወቅም ይባላል። በተርሚናሉ ኮድ ውስጥ መጨረሻ ያለው ባይት ከ128 እስከ 191 እስከሆነ ድረስ ይጣል፣ ከዚያ አንድ ተጨማሪ ይጣል። ቪአይ ኤዲተሩም ዓምድ የሚቆጥረው በባይት ስለሆነ በአማርኛ መስመር ላይ ጠቋሚው ከፊደሉ ሦስት እጥፍ ርቆ ይሄዳል። እሱን ማስተካከል ሌላ ሥራ ነው፤ እስከዚያው አማርኛውን ሌላ ቦታ ጽፎ በፋት ዲስኬት ማምጣትና ማሳየት ይበቃል። አንዳንዶች ይህን ሁሉ ለመሸሽ በአንድ ባይት የራስ ኮድ መሥራት ይቀላል ይላሉ። ይቀላል፤ የተጻፈው ግን ስልክ ላይም ሌላ ኮምፒዩተር ላይም አይነበብም።

መብራት ድንገት ሲሄድ የሚኒክስ ፋይል ሥርዓት መዝገብ ስለማይዝ ያልተጻፈው ይጠፋል፣ አንዳንዴም የተጻፈው ይዛባል። ከማጥፋትዎ በፊት ሲንክ የሚለውን ትእዛዝ ይስጡ (የቀረውን ዲስኩ ላይ ይጽፋል)፣ ድንገት ከጠፋ በኋላ የፋይል መመርመሪያውን ከዲስኬት ነሥተው ያስኬዱ። መብራቱ እንደተመለሰም ወዲያው አያብሩ፤ አምስት ደቂቃ ይታገሡት።

የፋይል ስም ላይ ደግሞ ይጠንቀቁ። በዚህ የሚኒክስ እትም የፋይል ስም ጣሪያው 14 ባይት ነው። በሦስት ሦስት ባይት አራት ፊደል ማለት ነው። «ደሴ» 6 ባይት ናት፣ ትገባለች። «ኮምቦልቻ» አምስት ፊደል ስለሆነች 15 ባይት ናት፣ በአንዲት ባይት ቀርታ አትገባም። ለፋይሎቹ በእንግሊዝኛ ፊደል ስም ይስጧቸው፣ አማርኛው ውስጣቸው ይቀመጥ።